ቀስት የብዙዎች፣ ጎራዴ የአንድ ሰው
(ስለ ጦር ሜዳና ስለ ጠረጴዛ ጨዋታ ሚዛን)

፩. ጥያቄው

ቀስት ይበልጣል ወይስ ጎራዴ? እንዲያው ሲሰሙት የሕፃናት ክርክር ይመስላል። ሆኖም ይኸንኑ ጥያቄ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ ለመፍታት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

የክርክሩ ሜዳ ጠረጴዛ ነው። አራት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ዳኛም ተራኪም ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ፦ አንዱ ባለጎራዴ፣ አንዷ ቀስተኛ፣ ሌላው አስማተኛ። ዳኛው «ከዋሻው አፍ ስድስት ሽፍቶች ቆመዋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይመልሳሉ፤ የመቱትንና የሳቱትን ዳይስ ይለየዋል። በገበጣችን ጠጠሩ ሁሉ እኩል ነው። በዚህ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ጠጠር ስም አለው፣ ይቆስላል፣ ይሞታል፣ ሲሞትም የሚያዝንለት ባለቤት አለው።

የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ አባት ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ሲሆን በ1974 በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ ከምትባል ከተማ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን፣ የመጀመሪያው ኅትመትም 1,000 ቅጂ ብቻ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የባለጎራዴው ቅሬታ አንድ ነው፦ «እሱ ከሩቅ ሆኖ ይገድላል፣ ቁስሉን የምቀበለው እኔ ነኝ።» የቀስተኛውም መልስ ያው ነው፦ «ታዲያ ቀስት የተሠራው ለምንድነው?» ሁለቱም እውነት አላቸው። የጨዋታ ደራስያን በየእትሙ አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ እያደሉ ሕጉን ሲጠግኑ ኖረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሚዛኑ የጠፋው ስለ ፍላጻው ጉዳት የተጻፈው ቁጥር ስላነሰ ወይም ስለበዛ አይደለም። በታሪክ ቀስት የብዙዎች መሣሪያ ነበር፤ ጨዋታው ግን የአንድ ሰው መሣሪያ አደረገው። የብዙዎቹን ኃይል ለአንዱ ሲሰጥ የብዙዎቹን ዕዳ ማስረከቡን ዘነጋ። ዕዳው ምን እንደነበረ ለማወቅ ወደ ጦር ሜዳው እንሂድ።

፪. የጦር ሜዳው ምስክርነት

በመጀመሪያ አንድ ዓይነት ጠላቶች ሁለት ጊዜ የተገናኙበትን እንይ። በ1298 ፎልከርክ ላይ የእስኮትላንዱ ዊልያም ዋላስ እግረኞቹን ረጃጅም ጦር አስይዞ እንደ ጃርት ክብ አድርጎ አቆማቸው። የእንግሊዝ ፈረሰኛ ክቡን ሊሰብረው አልቻለም። የእስኮትላንድ ፈረሰኞች ግን ሜዳውን ጥለው ሄዱ፤ ያን ጊዜ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ቀስተኞቹን አቀረበ። የቆመ ሰው፣ የሚከላከልለት ፈረሰኛ የሌለው፣ ከዚህም ከዚያም ፍላጻ ሲዘንብበት ምን ያደርጋል? ክቡ ሳሳ፣ ፈረሰኛውም በክፍተቱ ገባ።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1314 ባኖክበርን ላይ፣ እነዚያው ቀስተኞች እንደገና ወጡ። በዚህ ጊዜ ግን ሮበርት ኪዝ የሚመራቸው የእስኮትላንድ ቀላል ፈረሰኞች በጎን ደረሱባቸው። በቀስተኞቹ ፊት የቆመ አንድም ጦረኛ አልነበረም፤ ተበተኑ። ቀስቱ ያው ቀስት፣ ፍላጻው ያው ፍላጻ። የተለወጠው ከፊት የሚቆመው ሰው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዕዳ ይህ ነው፦ ቀስተኛ በሌላ ሰው ደረት ተከልሎ ይዋጋል።

ሁለተኛው ዕዳ ፍላጻው ነው። በ53 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ሮማዊው ክራሱስ ሠራዊቱን ይዞ ካሬ ወደምትባለው ስፍራ ወረደ፤ መጽሐፍ ቅዱስ «ካራን» የሚላት፣ አብርሃም የኖረባት አገር ናት። እዚያ ሱሬና የተባለው የጳርቴ ሰዎች የጦር አዝማች ወደ 10,000 በሚጠጋ ፈረሰኛ ጠበቀው፤ አብዛኛው ባለቀስት ነው። ሮማውያኑ ጋሻቸውን ገጥመው ቆሙ። ተስፋቸው ግልጽ ነበር፦ ፍላጻ ያልቃል፣ ሲያልቅ ወይ ይቀርባሉ ወይ ይሸሻሉ። የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚነግረን ግን ሮማውያኑ አሻግረው ሲመለከቱ ፍላጻ የተጫኑ ግመሎች ቆመው አዩ፤ ኮሮጆው የጎደለበት ሁሉ ወደ ግመሎቹ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል። ተስፋ የቆረጡት ያን ጊዜ ነው። የክራሱስ ልጅ ፑብሊዩስ ፈረሰኛ ይዞ ሊያሳድዳቸው ወጣ፤ እየሸሹ ወደ ኋላ እየወረወሩ ካራቁት በኋላ ከበው ጨረሱት። በፕሉታርክ ቆጠራ 20,000 ሮማዊ ሞቶ 10,000 ተማርኳል። ካሬ ላይ ድሉን ያመጣው ቀስቱ ነው ከተባለ፣ ግመሉም እኩል ሊመሰገን ይገባል።

የእንግሊዝም ቀስተኛ ከዚህ አላመለጠም። እነሱ 24 ፍላጻ አንድ ነዶ ብለው ይቆጥራሉ። ጎበዝ ቀስተኛ በደቂቃ 10 ያህል ይወረውራል። ሁለት ነዶ የያዘ ሰው በዚህ ፍጥነት ቢወረውር አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላስ?

ከዚያ በኋላ አዤንኩር ነው። በጥቅምት ወር 1415 ሄንሪ አምስተኛ እዚያ ሲሰለፍ ከአምስቱ ወታደሮቹ አራቱ ያህል ቀስተኞች ነበሩ። መሬቱ አዲስ የታረሰ፣ ሌሊቱን ዝናብ የጠጣ፣ ግራና ቀኙ ደን። ቀስተኞቹ የተሾለ እንጨት ከፊታቸው ተክለው ነበር። የፈረንሳይ መሳፍንት ጥሩራቸውን ለብሰው በጭቃው ውስጥ መጡ። ፍላጻው ሁሉንም ገደላቸው ማለት አይደለም፤ ፈረሱን አሳበደው፣ ሰዉን አንገት አስደፋው፣ ወደ መሐል አጨናነቀው። ፍላጻ ሲያልቅ ቀስተኞቹ ቀስታቸውን ጥለው በመጥረቢያ፣ በመዶሻና በጎራዴ ገቡ። ትልቁ የቀስት ድል የሚባለው ውጊያ የተፈጸመው እጅ በእጅ ነው!

ሦስተኛው ዕዳ እንግዲህ መሬትና ጊዜ ነው። ከአዤንኩር 14 ዓመት በኋላ፣ በ1429 ፓቴ ላይ፣ የእንግሊዝ ቀስተኞች እንጨታቸውን ተክለው ሳይጨርሱ የፈረንሳይ ፈረሰኞች ደረሱባቸው። እንደሚተረከው አንድ ትልቅ አጋዘን ከጫካ ቢወጣ ቀስተኞቹ በአደን ልማዳቸው ጮኹ፤ ጩኸቱም ያሉበትን ቦታ አሳወቀባቸው። ለመዘጋጀት ጊዜ ያጣ ቀስተኛ የሚሆነውን ሆኑ።

አራተኛው ዕዳ ሰውነት ነው። ሄሮዶቱስ አንድ ታሪክ ጽፎልናል። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሲስ ከግብጽ በስተደቡብ ወዳለው አገር ሰላዮች ላከ፤ ግሪኮች የዚያን አገር ሕዝብ «ኢትዮጵያውያን» ይሉታል፣ የኩሽ ሰዎች ማለት ነው። የአገሩ ንጉሥ ሰላይነታቸውን ዐወቀባቸውና አንድ ትልቅ ቀስት ሰጣቸው። የፋርስ ሰዎች ይህን የመሰለ ቀስት እንዲህ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይምጡብን ብሎ ሰደዳቸው። ታሪኩ ተረትነት ይኑረው አይኑረው፣ ዕውቀቱ ግን እውነት ነው፦ ቀስት ማለት የሚስበው ክንድ ማለት ነው።

ለዚህ ከባሕር ወለል የወጣ ማስረጃ አለ። በ1545 የሰመጠችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በ1982 ስትወጣ ከውስጧ 137 ሙሉ ቀስትና ከ3,500 በላይ ፍላጻ ተገኘ። ሊቃውንት እንደገመቱት ቀስቶቹን ለመሳብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ የሚደርስ ኃይል ይጠይቅ ነበር። ከሟቾቹም የአንዳንዶቹ የትከሻ አጥንት በወጉ ሳይገጥም የቀረ ነው፤ ይኸንንም ከልጅነት ጀምሮ ከተደረገ የቀስት ልምምድ ጋር ያያይዙታል። ሣልሳዊ ኤድዋርድ በ1363 ወንዶች በበዓል ቀን ኳስና መሰል ጨዋታ ትተው ቀስት እንዲለማመዱ ያዘዘው ወዶ አይደለም። ጎራዴ በአንድ ጀንበር ይለመዳል ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ቀስተኛ ለማግኘት የአንድ ሰው ልጅነት በሙሉ፣ አንድ ሺህ ቀስተኛ ለማግኘት ደግሞ የመንደሩ ሁሉ እሑድ ይጠየቃል።

፫. ሃያው ሰው አንድ ሲሆን

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሥሩ የጦርነት ጨዋታ ነው። የጦርነት ጨዋታ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ የፕሩስያ መኮንኖች በ1824 በካርታና በዳይስ ይለማመዱበት ነበር። ጋይጋክስም ከጄፍ ፔረን ጋር በ1971 ቼይንሜይል የተባለ የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጨዋታ አሳትሞ ነበር። በዚያ ጨዋታ ዋናው ሕግ አንድ የቆርቆሮ ወታደር የ20 ሰው ምሳሌ ነው የሚል ነው። አንዱ ለአንድ የሚዋጋበትም ክፍል አለው፤ በመጨረሻም ስለ ዘንዶና ስለ አስማተኛ የሚናገር ጭማሪ ተያይዞበታል። አርነሰን በበኩሉ በሚኔሶታ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ሠራዊቱን ትቶ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ነፍስ ሰጠ። የዘመናችን ጨዋታ የተወለደው ከነዚህ ሁለቱ ነው።

አንባቢ ልብ ይበል። ሃያው ሰው አንድ ሲሆን ጎራዴው ብዙም አልተጎዳ፤ ጎራዴ በባሕርዩ የሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ነገር ነውና። ቀስቱ ግን ነፍሱን አጣ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለቀስት የተባለ ይመስላል፤ አንዲት ድር አንበሳ አታስርም። ፎልከርክ ላይ አንድ ቀስተኛ ብቻ ቢኖር ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?

ስለዚህ ደራስያኑ ብቸኛውን ቀስተኛ ጀግና ለማድረግ አንድ ነገር ሊጨምሩለት ግድ ሆነ። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ነው፤ ቀስተኛው በዙር ሁለት ፍላጻ ይወረውራል። የባለጎራዴው አንድ የዳይስ ጣል በዚያ ደቂቃ ውስጥ ያለውን መቃጣት፣ መመከትና ማፈግፈግ ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል፤ ፍላጻው ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡ ማለት ነው። የያኔው ሕግ ግን ልጓምም ነበረው። ጨዋታው በስሙ እንደሚነግረን የምድር ቤት ጨዋታ ነበር፤ ጨለማ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ። በ1979 የወጣው የዳኛው መጽሐፍ ደግሞ እጅ በእጅ ወደ ተያያዙ ሰዎች የሚወረውር ሰው ማንን እንደሚመታ ዳይስ ይወስናል ይላል። ጓደኛህን ልትመታ ትችላለህ! ይህ ሕግ ለቀስተኛው መራራ ነበር፣ ግን ታሪክን ያውቃል።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ልጓሙን በቅጣት ቁጥር ለወጠው፤ ትግል ውስጥ ወዳለ ጠላት የሚወረውር 4 ይቀነስበታል። ወዲያው ግን ቅጣቱን የሚያጠፋ ልዩ ችሎታ በዚያው መጽሐፍ አስቀመጠ። አንድ በጎ ነገርም አደረገ፤ ብርቱ ክንድ ላለው ሰው ብርቱ ቀስት እንዲሠራ ፈቀደ፣ የኩሹን ንጉሥ ነገር የሰማ ይመስል።

በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ላይ ቅሬታው እንደገና ተቀጣጠለ። ሒሳቡን እንሥራው። ረጅሙ ቀስት ያለ ቅጣት እስከ 150 ጫማ፣ በቅጣት እስከ 600 ጫማ ይደርሳል። ዙሩ ስድስት ሰከንድ ነው። ባለጎራዴ በዙር 30 ጫማ ይራመዳል፤ ሌላ ነገር ሳያደርግ ቢሮጥ 60። ከ150 ጫማ የተነሣ ባለጎራዴ ጎራዴውን የሚያሳርፈው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። አምስተኛ ደረጃ የደረሰ ቀስተኛ ቀድሞ ከጀመረ እስከዚያ ስድስት ፍላጻ ወርውሯል፤ ወደ ኋላ ካፈገፈገማ ከዚያም ይበልጣል። ቅልጥፍና የሚባለው አንድ ቁጥር ለመምታቱም፣ ለጉዳቱም፣ ከመመታት ለማምለጡም፣ ቀድሞ ለመጀመሩም ያገለግለዋል። ክንድ አልተጠየቀም። በዚህ ላይ አነጣጣሪነት የሚባለው ልዩ ችሎታ አለ፤ ይህን የያዘ ሰው ጠላቱ ከግማሽ በላይ አካሉን ቢከልልም፣ በመሐል ጓደኛው ቢቆምም ግድ የለውም። ለመምታት 5 ቀንሶ ለጉዳት 10 መጨመርም ይችላል። በ2024 የታደሰው እትም ይህን የአምስትና የአሥር ንግድ አስቀረው፤ ከለላን መናቁን ግን አልነካውም።

እንግዲህ አራቱን ዕዳዎች እናስታውስ፦ ከፊት የሚቆም ሰው፣ ፍላጻ፣ መሬትና ጊዜ፣ ሰውነት። አንድ በአንድ ተሰረዙ። ፍላጻ እንኳ በሕጉ ይቆጠራል፤ ሃያው አንድ ወርቅ ነው፣ ከውጊያ በኋላም ግማሹ ተለቅሞ ይገኛል። ግን ስንቱ ጠረጴዛ ነው የሚቆጥረው? «ተወው ባክህ፣ ሰዓት ይፈጃል» ይባልና ይታለፋል። ሱሬና ግመሎቹን ያለ ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

፬. ክብርና ደመወዝ

«ታዲያ ጨዋታ አይደል? ምን ያሳስባል?» የሚል ይኖራል። ያሳስባል፤ የሁለቱ መሣሪያዎች ሚዛን ድሮም ቢሆን የክብር ሚዛን ነበርና። በሆሜር ኢልያድ ውስጥ ዲዮሜደስ በፓሪስ ፍላጻ እግሩን ሲመታ ቁስሉን ሳይሆን መሣሪያውን ይሳደባል፤ ቀስት የፈሪ ነው ባይ ነው። በ1139 በሮም ላተራን የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በክርስቲያኖች ላይ ቀስተኛን ማሰለፍ አወገዘ፤ ጎራዴን ግን አላወገዘም። በ1346 ክሬሲ ላይ በደመወዝ የመጡት የጄኖቫ ባለክሮስቦዎች፣ ጋሻቸው ከጓዝ ጋር ኋላ ቀርቶባቸው ወደ ፊት ታዘዙ፤ በእንግሊዝ ፍላጻ ተመተው ሲመለሱ የገዛ ወገናቸው የሆኑት የፈረንሳይ ፈረሰኞች ረገጧቸው። ጋሻ የነፈጋቸው ሠራዊት ፈሪ ብሎ ጨፈለቃቸው።

አሸናፊውም ወገን ቢሆን ሚዛኑን በገንዘብ ይነግረናል። በ1415 ለፈረንሳዩ ዘመቻ ጥሩር ለባሹ ወታደር በቀን 12 ፔኒ ሲከፈለው ቀስተኛው 6 ፔኒ ነበር። ድሉን የሠራ እጅ ግማሽ ደመወዝ! ስለ ውጊያው የጻፉት የሞቱትን መሳፍንት ስም በዝርዝር አስቀመጡልን፤ ብዙዎቹን ቀስተኞች ዛሬ በስም የምናገኛቸው ግን በደመወዝና በቆጠራ መዝገብ ላይ ነው።

የጠረጴዛው ጨዋታ ይህን ግፍ ገልብጦታል፤ ቀስተኛውን ስም ሰጥቶ፣ ጀግና አድርጎ ከባለጎራዴው ጋር እኩል አስቀምጦታል። ይህ ደግ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ክብሩን ሲመልስለት ሌላ ሰው ተበደለ። ያ ሰው ከፊት የቆመው ነው። በብዙ ጠረጴዛ ላይ ዛሬ ቁስሉን ሁሉ የሚቀበለው ባለጎራዴ ነው፤ ጠላትን የሚጥለው ደግሞ ከኋላው ያለው ሰው ነው። ሦስት ቀን እንዲህ የተጫወተ ሰው በአራተኛው ቀን ይቀራል፤ ወይም እሱም ቀስት ይዞ ይመጣል። ሁሉም ቀስት ሲይዝ ባኖክበርን ይሆናል፤ ልዩነቱ ዳኛው ሮበርት ኪዝን መላክ መርሳቱ ብቻ ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ዋጋ የማይጠየቅበት የሩቅ ግድያ ውሸት ያስተምራል። ከሩቅ መግደል በየትኛውም ዘመን በነጻ ሆኖ አያውቅም። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ከፍሎለታል፣ አንድ ግመል ነጂ ተሸክሞለታል፣ አንድ ልጅ ትከሻው እስኪጣመም ተለማምዶለታል። ይህን የሚደብቅ ጨዋታ አስደሳች ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጦርነት የሚያወራው ግን ግማሹን ነው።

፭. ምን ይደረግ?

መድኃኒቱ የፍላጻውን ጉዳት መቀነስ አይመስለኝም። ያ ቀስተኛውን እንደገና ወደ 6 ፔኒው መመለስ ነው። መድኃኒቱ ዕዳውን መመለስ ነው። ዳኛ የሆናችሁ፦ ፍላጻ አስቆጥሩ፤ 24ቱ ሲያልቅ ያልቅ። ሜዳው ሁልጊዜ ገላጣ አይሁን፤ ዝናብ ይዝነብ፣ ጭቃ ይኑር፣ ጫካ ይጋርድ። ጠላትም ሞኝ አይሁን፤ እሱም በጎን ይዞር፣ ጋሻ ይግጠም፣ ከቤት ወደ ቤት ይሸሸግ። ቀስተኛው ፍላጻው ሲያልቅ መጥረቢያ የሚያነሣበት ቀን ይምጣለት፤ አዤንኩር ላይ ያደረገውን ጠረጴዛ ላይ የማያደርግበት ምክንያት የለም። ባለጎራዴውም ጠላትን ይዞ የሚያቆምበት ሥልጣን ይሰጠው፤ በእሱ ጎን ማለፍ ዋጋ ያስከፍል።

ቀስተኛ ሆናችሁ ለምትጫወቱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ወርውራችሁ በመታችሁ ቁጥር በናንተና በጠላት መካከል ማን ቆሞ እንደነበር ለዳኛው በስሙ ተናገሩ። ጉዳቱን ስትደምሩ የሱንም ቁስል አብራችሁ ቁጠሩ።